አንዴ ተመትቶ ሁለቴ የሚጮህ ድራም

ወንድሜ የኤሌክትሮኒክ ድራሙን ተሸክሞ ኮምቦልቻ ቤቴ የመጣው ሰኔ ውስጥ ነበር። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ነው የሚኖረው። ከወጣትነቱ ጀምሮ የሰርግ ድራም መቺ ነው፤ በሰባት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ከሞቱ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። እኔ ተምሬ የኤሌክትሮኒክስ ቴክኒሻን የሆንኩት፣ ፋብሪካም የገባሁት፣ እሱ ሰርግ ለሰርግ ዞሮ ባገኘው ነው።

"አንዴ እመታታለሁ፣ ሁለቴ ትጮሃለች" አለኝ፣ ፓዱን፣ የሚመታውን ጎማ ለበስ ሰሌዳ፣ ምንጣፉ ላይ እያስቀመጠ። "ባለፈው ሳምንት ሙሽራው ሳይቀር ዞር ብሎ አየኝ።"

"ሴቲንጉን ነካክተኸዋል?"

"ያልነካሁት የለም። ወላሂ፣ መጣል ነው የቀረኝ።"

ችግሩን የማውቀው መሰለኝ። ከፓዱ ጎማ ሥር ሳንቲም የሚያክል ሴንሰር አለ። መምቻው ስቲክ ጎማው ላይ ሲያርፍ ሴንሰሩ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ከፓዱ ጋር በገመድ የተያያዘው ሳጥን ያንን ተቀብሎ የድራም ድምፅ ያወጣል። ጎማው ግን ተመትቶ ወዲያው ዝም አይልም፤ ለቅጽበት ይርገበገባል። ሳጥኑም መርገብገቡ አዲስ ምት ይመስለውና ይደግመዋል። በፓዱና በሳጥኑ መሃል ትንሽ ሰርኪት ቢገባ፣ የመጀመሪያውን ምት አሳልፎ መርገብገቡ እስኪያበቃ በሩን ይዘጋበታል። ኮምፒውተርም ፕሮግራምም አያስፈልገውም፤ ጥቂት ዳዮድና ሬዚስተር፣ አንድ ማጉያ አይሲ፣ አንድ ካፓሲተር ይበቃል። በሩ ምን ያህል ጊዜ ተዘግቶ እንደሚቆይ የሚወስነው ካፓሲተሩ ነው፤ ትልቅ ከሆነ ብዙ ይቆያል።

ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ስጨርስ ስቲኩን ይዤ ራሴ ሞከርኩት፤ አጥብቄም አለስልሼም መታሁ። አንድ ምት፣ አንድ ድምፅ። ደስ ብሎኝ ደወልኩለት። በማግስቱ በሚኒባስ ወረደ፣ ተቀመጠና መታ። ድራሙ ደገመው።

"ይኸው" አለ። "ነገርኩሽ አይደል?"

ኦሲሎስኮፔን አመጣሁ። የኤሌክትሪኩን መውጣትና መውረድ በመስመር ስሎ የሚያሳይ፣ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ነው። በግራው እንዲመታ ነገርኩት፤ ስክሪኑ ላይ አንድ ጉብታ ወጥቶ እየሟሸሸ ወረደ። በቀኙ ሲመታ ሁለት ጉብታ ወጣ። ሁለተኛው የመጀመሪያው ጭራ አልነበረም፤ ከሥር ተነስቶ እንደ አዲስ የወጣ ነው። ጎማው አልነበረም ጥፋተኛው። ስቲኩ ራሱ ሁለቴ አርፎ ነበር።

ቀና ብዬ ቀኝ እጁን አየሁት። ጭኑ ላይ አሳርፎታል። አውራ ጣቱ ሌባ ጣቱን እያሸ፣ ሙስበሃ እንደሚቆጥር ሰው ይንቀሳቀሳል። በእጁ ግን ምንም አልያዘም።

"ምን አየሽ?" አለኝ።

"ካፓሲተሩ አንሷል" አልኩት። "ከፍ አደርገዋለሁ።"

ለምን እንዲያ እንዳልኩ ዛሬም ለራሴ አጥርቼ መናገር አልችልም። ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። እዚያው ፊቱ ተለቅ ያለ ካፓሲተር በየድኩለት። መታ። ድምፁ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ሳቀና ግንባሬን ሳመኝ፤ "አላህ ይስጥሽ" ብሎኝ ተሸክሞት ወጣ።

ከወር በኋላ ደወለ። "ደህና ናት፤ ግን ፈጠን ስል ምት ትበላብኛለች" አለኝ። መብላቷ አይቀርም ነበር፤ በሩ ብዙ ስለሚዘጋ ተከታትለው የሚመጡት ምቶች ውጭ ይቀራሉ። አምጣው አልኩት። ካፓሲተሩን ትንሽ ሳሳንሰው ድግሙ ተመለሰ፤ መልሼ አሳደግኩት። እንዲህ እያልን ሦስት ጊዜ ተመላለሰ፤ በመጣ ቁጥር እጁ ከበፊቱ ብሶበት ነበር። ፋብሪካ በሻይ ሰዓት እጅ ስለሚያንቀጠቅጥ በሽታ ስልኬ ላይ ማንበብ እጀምርና ግማሽ ሳልደርስ እዘጋው ነበር።

ኅዳር ላይ ባለቤቱ ደወለችልኝ።

"ሻይ ሲይዝ እየደፋ ነው" አለችኝ። "ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው፣ 'እጄ ምንም የለበትም፣ ጥፋቱ የድራሟ ነው፤ እህቴ በመሣሪያ አይታዋለች' ይለኛል። ምንድን ነው ያየሽው?"

"ነገ እመጣለሁ" አልኳት። በማግስቱ ከሥራ አስፈቅጄ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ወጣሁ። ጉም ስለነበረ ሾፌሩ በዝግታ ነበር የሚነዳው፤ መንገዱ ባያልቅ ደስታዬ ነበር።

ቤት አገኘሁት። ሳልቀመጥ ነገርኩት።

"ወንድም ጋሼ፣ ድራሟ ምንም አልነበረባትም። እጅህ ነው። በመጀመሪያው ቀን ነው ያየሁት።"

"ሰኔ ላይ?"

"ሰኔ ላይ።"

"አሁን ኅዳር ነው" አለ። "ልቤ ነግሮኝ ነበር እኮ። ግን አንቺ መሣሪያ ይዘሽ ካፓሲተር ነው ስትይኝ፣ እፎይ ብዬ ተውኩት። የተማርሽ አንቺ ነሽ አልኩ" አለኝ።

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐኪም ቤት ከባለቤቱ ጋር ሄደ፤ እኔን አልጠራኝም። እሷ ናት የበሽታውን ስም የነገረችኝ። የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ የሚያቀል ክኒን አለው። ሐኪሙ፣ ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ በሽታው አይቆምም ነበር፣ ግን እነዚህን ወራት እንዲህ አይቸገርም ነበር ብሏቸዋል። የመጀመሪያውን ግማሽ ለራሴ እደጋግመዋለሁ። ሁለተኛው አይለቀኝም።

ጥር ሲገባ ሰርግ መሥራት ተወ፤ ጓደኞቹ ሌላ መቺ ያዙ። እስከ ኢድ ድረስ ስደውል ስልኩን የምታነሳው ባለቤቱ ነበረች። በኢዱ ዕለት ሄድኩ። ተነስቶ ሰላም አለኝ። ከቆይታ በኋላ ድራሙን ከጓዳ አስወጣና፣ "ትንሿን ካፓሲተር መልሺልኝ" አለኝ። "የመታሁትን ሁሉ ታሰማኝ።"

በየድኩለት። ክኒኑን ከዋጠ ብዙም አልቆየም ነበርና የመጀመሪያዎቹ ምቶች ደህና ወጡ፤ ቀጥሎ ድግሙ መጣ። አላቆመም። እየሰማ መታ፣ እየመታ ሰማ። እኔን አላየኝም።

ምሳ ሲቀርብ ባለቤቱ በእጁ መጉረስ ስለሚያስቸግረው ማንኪያ አጠገቡ አስቀመጠችለት። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ወደ ደሴ እወጣለሁ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ እናወራለን። ስለዚያ ሰኔ ግን እሱም አላነሳም፣ እኔም አልደፈርኩም።