ከገበቴው ኋላ የተደበቀው ታንክ

ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ የመጣ አውቶቡስ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ላይ አንዲት ካርቶን አውርዶልኝ ሄደ። ላኪው ስመኘው ነው፣ የልጅነት ጓደኛዬ። ስከፍታት ቁመቱ ስንዝር የሚሆን ግራጫ ታንክ ወጣ፤ ከሬዚን፣ ፈሶ ከሚጠነክር ፕላስቲክ መሰል ነገር፣ የተሠራ፣ ጎማ የሌለው፣ ገና ባልመጣ ዘመን በሌላ ዓለም የሚዋጉ ሰዎች ይሳፈሩበታል የሚባል ዓይነት። ደብዳቤ የለ፣ ምን የለ። ይሄ ሰው አሁንም ሊያበሳጨኝ ነው አልኩ። ከዚያ ቁመቱን አየሁና ቁጭ አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተማሪ ሳለን እንግሊዝኛ ያስተምረን የነበረ አንድ የውጭ አገር መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ የጦርነት ጨዋታውን ለሁለታችን ትቶልን ሄደ። ጠረጴዛ ላይ ጥቃቅን ወታደሮችና ታንኮች ይደረደራሉ፣ ተራ በተራ ይንቀሳቀሳሉ። ለመተኮስ ግን መጀመሪያ ጎንበስ ብለህ በታንክህ አፈሙዝ ትክክል የጠላትን ታንክ ማየት አለብህ፤ ካየኸው «አየሁህ» ትላለህ። ከዚያ ዳይስ ትጥላለህ። አንድ ከወጣ ስተሃል፣ በቃ። ያን ክረምት ሌላ ሥራ አልነበረንም።

ታንኮቹ ሁለት ነበሩ፤ አንድ የእኔ፣ አንድ የስመኘው። የእሱን ለአጎቱ ሊያሳይ ወደ ቡሬ ሲወስደው መንገድ ላይ ከሚኒባስ ወድቆ ተሰበረ። አጎቱ ቡሬ ጋራዥ ውስጥ የተሰነጠቀ የመኪና ፓራውልት በሬዚን የሚጠግኑ ሰው ነበሩና፣ ስመኘው ከእሳቸው ሬዚንና ማጠንከሪያ ለምኖ፣ የጭቃ ቅርጽ አበጅቶ፣ አዲስ ታንክ አፍስሶ መጣ። የሽታው ነገር አይነሳ! እጁን ቢያጥብ ቢያጥብ አልለቅ አለው። ታንኩ ግን እንደ ቂጣ ጠፍጣፋ ነበር። «ሬዚኑ አነሰኝ» አለ። እኔም ሞኙ አመንኩት።

የምንዋጋው እኛ ቤት በረንዳ ላይ፣ በተነቀለ አሮጌ በር ላይ ነበር። ኮረብታችን የእናቴ የተገለበጠ ገበቴ ነው። ስመኘው ያንን ጠፍጣፋ ታንክ ከገበቴው ኋላ ወሸቀው። ብጎነበስ አላየውም፣ ብንበረከክ አላየውም። በተራው ብቅ ይልና ተኩሶ ተመልሶ ይወሸቃል። ነሐሴን ሙሉ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ እኔ ተንበርክኬ ገበቴ ሳይ ከረምኩ።

«ሆን ብለህ ነው ያሳጠርከው!» አልኩት አንድ ቀን።

«መጽሐፉ ስለ ቁመት ምን ይላል? አሳየኝ።»

የጨዋታው መጽሐፍ ስለ ቁመት ምንም አይልም። «አጭበርባሪ!» አልኩት። እሱም «ድሮም መሸነፍ አትችልም» አለኝ። የመተኮስ ተራው የእኔ ነበር፤ ሳልተኩስ ተለያየን። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ስንገናኝ እኔ መንገዱ ዳር ወዳለው የበርበሬ ማሳ፣ እሱ ወደ ሰማይ እያየን መተላለፍ ሆነ።

እናቶቻችን የአንድ ማኅበር ሰዎች ናቸውና አፈሩ። አዲስ ዓመት ሳይገባ ሽማግሌ ተለመነ። የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ላቀውና ከጅጋ በእግራቸው የመጡት የስመኘው ዘመድ አያ አለኸኝ በረንዳችን ላይ ተቀመጡ፤ የተጠበሰ እሸት በቆሎ ቀረበላቸው። እኔ እንዴት ደስ እንዳለኝ! በመጨረሻ የሚፈርድ ሰው መጣ።

«እስቲ ነገሩን ከሥሩ አጫውተን» አሉኝ መሪጌታ። «እነዚህ የሚዋጉት እነማን ናቸው?»

«ገና የሚመጡ ሰዎች ናቸው መሪጌታ። ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ።»

«ያኔም ይዋጋሉ?»

«አዎ።»

«ወይ ጉድ!» ብለው በቆሎአቸውን አስቀመጡ።

አያ አለኸኝ የስመኘውን ታንክ አገላብጠው አዩት። «እግሩስ የታለ?»

«እግር የለውም አያ፤ በአየር ላይ ነው የሚሄድ» አለ ስመኘው።

«እንግዲያ ገበቴውን ምነው አይዘለው?»

መጽሐፉ ስለዚህም ምንም አይልም።

አላስቻለኝም። «መሪጌታ፣ እባክዎ፣ ማናችን ልክ እንደሆንን ብቻ ይንገሩን» አልኩ።

«ልጄ፣ እኛ ልናስታርቅ ነው የመጣን። አንተን ልክ ነህ ብንልህ እሱን ምን ልናደርገው ነው? በሉ፣ ስለ እኛ ብላችሁ ይቅር ተባባሉ። ጨዋታውንም ለከርሞ አሳድሩት።»

ጉልበታቸውን ስሜ፣ ስመኘውን አቅፌ፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብዬ ተነሳሁ። ግን ማን ይቅርታ ፈለገ! እኔ የፈለግሁት ፍርድ ነው። ደግሞ አንዴ የታረቀ ነገር አይነሳም፤ ሽማግሌ የቀበረውን የሚቆፍር ሰው በእኛ አገር ነውረኛ ነው። ከርሞ ሳይደርስ ስመኘው አዲስ አበባ ገባ፤ እዚያም ከሬዚን ጌጣጌጥ እየሠራ መሸጥ ጀመረ። በየመስቀሉ ሲመጣ አብረን እንበላለን፣ ስለ ልጆችና ስለ ኑሮ ውድነት እናወራለን፤ ስለ ታንኩ ግን አንዲት ቃል የለም። እኔ ገበቴ ባየሁ ቁጥር ይነደኛል። ሰው በገበቴ ይናደዳል? እኔ እናደዳለሁ።

ካርቶኗ የመጣች ዕለት ያንን አሮጌ ታንኬን ከሳጥን አወጣሁ። ከጓዳ የባለቤቴን ገበቴ አምጥቼ ጠረጴዛ ላይ ገለበጥኩና አዲሱን ታንክ ከኋላው አቆምኩት። ጎንበስ አልኩ፤ ጉልበቴ ተንቋቋ። ታንኩ ሁለት ጣት ያህል ከገበቴው በላይ ወጥቶ ይታያል። ስልኬን አነሳሁ።

«ስመኘው» አልኩ፣ «አየሁህ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ተኩስ እንጂ!»

የልጄን የሉዶ ዳይስ ጣልኩ።

«ስንት ወጣ?»

አንድ።

ሳቁ ጆሮዬን ሊያደነቁረኝ ደረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ስልኩን ስዘጋ ግን ሌላ ንዴት ያዘኝ። ይህን ታንክ ቀደም ብሎ ቢልከው ምን ነበር? እኔስ ቀደም ብዬ ደውዬ «ና ተራዬን ልተኩስ» ብለው ምን ነበር? መጫወት ስንችል ዕድሜያችንን ስለ ኑሮ ውድነት ስናወራ ጨረስነው።

አሁን ተራው የእሱ ነው፤ ለመስቀል መጥቶ ይተኩሳል። እስከዚያ ማንም እንዳይነካብኝ ብያለሁ። ባለቤቴ ሊጥ ላቡካበት፣ ገበቴዬን መልስ እያለች ትጮኻለች። አልመልስም።