በፍልሰታ ከበር የተመለሱት ልጆች

እዚህ ባለሁበት የሰው አገር፣ ለእሑድ ቅዳሴ በምንከራየው አዳራሽ መግቢያ ላይ ዝናብ የመታው የልጆች ሹራብ ተደራርቦ ሲሰቀል የሚሸተው እርጥብ ሱፍና ጭቃ፣ ሁልጊዜ ወደ ጉለሌ፣ ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ባሕር ዛፍ ውስጥ ወደነበረችው ትንሿ ቤተ ክርስቲያናችን ይመልሰኛል።

ጊዜው የደርግ ነው፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። በበጋው እሑድ እሑድ ጠዋት፣ ልክ ቅዳሴው ሲጋመስ፣ ቀበሌው ስብሰባ ይጠራ ነበር። ስም እየተጠራ ይመዘገባል፤ የቀረ ሰው ለስኳርና ለሳሙና ወደ ቀበሌው ሱቅ ሲሄድ ፊት ይነሡታል። አባቴ ሸማኔ ስለነበርና ክር የሚያገኘውም በማኅበር በኩል ስለነበር፣ አንድም ስብሰባ ሳይቀር፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አንገቱን ደፍቶ ያልፍ ነበር እንጂ ለመሳለም እንኳ አይቆምም። ቤተ ክርስቲያኗ የምትተዳደርባቸው ኪራይ ቤቶች ተወርሰው፣ ዲያቆናቱም እንጀራ ፍለጋ ተበትነው፣ ለቅዳሴ የግድ የሚያስፈልጉት አምስት አገልጋዮች ብቻ ቀርተው ነበር። አንዱ ባሳለው ቁጥር እናቴ «እመቤቴ፣ አደራሽን» ትል ነበር፤ አንዱ ከታመመ ቅዳሴ የለምና።

ሰኔ ላይ አለቃችን ከቅዳሴ በኋላ ቆመው፣ ሕዝቡ እንዲህ እየቀረ ከቀጠለ ለመስከረም ታቦቱ ወደ ታችኛው ደብር እንደሚዛወርና በሩ እንደሚዘጋ ነገሩን። እናቴ እዚያ ተጠምቃ፣ እዚያ ተድራ፣ ከእኔ በፊት የወለደቻቸውን ሁለት ልጆች እዚያው ግቢ ቀብራ ነበር። ያን ቀን እህል ሳትቀምስ ዋለች።

የደብሩ ሽማግሌዎች በየሳምንቱ ተሰብስበው፣ ረጅም ጸሎት አድርሰው፣ ረጅም ንግግር ተናግረው፣ ሕዝቡ እንደከፋና ዘመኑ እንደከፋ ተስማምተው ይበተኑ ነበር። አንድ ጊዜ ድምፅ ማጉያ ይገዛ ተባለ። በዚያ ዘመን ማን ደፍሮ እንደሚጮህበት የጠየቀ የለም። በር ላይ ደግሞ እትዬ ብርቄ ነበሩ፤ ማንም ሳይሾማቸው በሩን የያዙ ባልቴት። ከፋብሪካ በቱታ የመጣችውን ሴት «ሱሪሽን ለውጠሽ ነይ» ብለው ይመልሳሉ፤ የተመለሰችው ተመልሳ አትመጣም። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው «አቤት፣ ሰው ጠፋ» ብለው እንባቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ። እናቴ ይህን እያየች ከንፈሯን ስትነክስ አስታውሳለሁ።

ክረምቱ ገብቶ ፍልሰታ ሲቃረብ እናቴ አንድ ነገር አሰበች። በፍልሰታ በአዘቦት ቀን የሚቀደሰው ከቀትር በኋላ ነው፤ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ የልጅ ስም ደግሞ በቀበሌው መዝገብ አይጠራም። ከጎረቤት ጎረቤት እየዞረች ልጆች ለምና፣ ጾመን እንድንቆርብ እያስከተለች ወሰደችን። መጀመሪያ ቀን ዐሥራ አንድ ነበርን፤ በአራተኛው ቀን ቤተ ክርስቲያኗ በእርጥብ ሹራብ ተሞላች። ችግሩ ጫማ ነበር። ሁላችንም የምንጫማው አንድ ዓይነት የላስቲክ ጫማ ስለነበር፣ ቅዳሴው አልቆ ስንወጣ የኔ ነው፣ የኔ ነው እየተባባልን፣ እየተጓተትን፣ ደጀ ሰላሙን ገበያ አደረግነው። በማግስቱ ስንመጣ እትዬ ብርቄ በሩን ዘግተው ዱላቸውን ይዘው ቆመዋል። ዝናብ እየወረደብን በአጥሩ ሥር ተበታተንን። እኔ ያን ቀን ቤት የቀረችውን እናቴን ሮጬ ጠራኋት።

«እትዬ ብርቄ፣ በቀደም ሰው ጠፋ ብለው ሲያለቅሱ አልነበር?» አለቻቸው።

«ሰው ነው ያልኩት። መንጋ አላልኩም።»

«እነዚህስ ምንድን ናቸው?»

«ጭቃ ናቸው፣ አንቺ ጽጌ። መቅደሱን ጭቃ አስመሰሉት። አለቃም ይህን አይወዱም።»

«አለቃማ በሩ ሲዘጋ ቁልፉን ለእርስዎ ይሰጡዎታል፤ ያኔ ንጹሕ ይሆንልዎታል።»

እናቴም ተናዳ ዞር ካለች በኋላ፣ ምን እንዳሰበች እንጃ፣ ተመልሳ ከአባቴ መሸመኛ የተቆራረጠ የጥለት ክር እፍኝ ሙሉ አመጣችና እጃቸው ላይ አደረገችው። «ጫማውን ከእርስዎ በቀር የሚያስተዳድር የለም። ለየልጁ ጫማ የተለያየ ቀለም ክር ይቋጥሩለት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ብርቄ ደጁ ላይ ተቀምጠው፣ የአንዱን በቀይ፣ የአንዱን በአረንጓዴና በቢጫ እየቋጠሩ፣ የእያንዳንዳችንን ስም ከነአባታችን ለመዱ። ሲሳደቡም በስማችን ሆነ። ከቅዳሴ በኋላ ጫማ ፈትተው እስኪያስረክቡን ስለምንዘገይ ወላጆች ሊወስዱን መምጣት ጀመሩ። እናቴም ሆነች ማንም ያላሰበው ይህን ነበር። አባቴ አንድ ቀን መጥቶ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆመ፤ የቀበሌው ጥበቃ በአጠገቡ ሲያልፍ «ልጄን ልወስድ ነው» አለው፤ ሰውዬውም «እኔም የኔን» ብሎ አብሮት ቆመ። በፍልሰታ ፍቺ ግቢው ልጁን ሊወስድ በመጣ ሰው ሞልቶ፣ አባቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ጫማውን አውልቆ ገባ።

ታቦቱ አልተዛወረም። መስከረም ላይ አለቃችን ሕዝቡ የተመለሰው በሽማግሌዎቹ ብርቱ ጥረት መሆኑን ገልጸው አመሰገኗቸው። የእናቴን ጎን ነካ አድርጌ «እማዬ፣ ኧረ አንቺ ነሽ» ስላት «በቃ፣ ተይው፤ ቅዳሴ አለ አይደል» አለችኝ።

ባለፈው እሑድ እዚህ ያለነው ምእመናን ተሰብስበን፣ ወጣቱ ለምን እንደራቀ ለሁለት ሰዓት ተነጋገርን፤ ከዚያው ስብሰባ ሳንወጣ፣ ሕፃናቱ እንዳይረብሹ ቅዳሴው እስኪያልቅ ምድር ቤት እንዲቆዩ ተወሰነ። እዚህ ስም የሚጠራ ቀበሌ የለም፤ ማንም አልከለከለንም፤ የዘጋነው እኛው ነን። ተነሥቼ ተናገርኩ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ሐሳቤ ተመዘገበልኝ። ወደ ቤቴ ስመለስ እናቴ ያን ቀን የተናደደችውን ያህል ተናድጄ ነበር። እሷ ግን ከተናደደች በኋላ ተመልሳ ሄዳለች፤ እኔ ገና አልሄድኩም።