ክረምት ላይ ካደረስናት

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አየር ሲያረጥብ የኖረ ሰው ነው። እንዲህ ስል ሰዎች ይስቃሉ፤ እኔ ግን ለሥራው ሌላ አጠራር አላውቅም። አቃቂ፣ ጥጥ የሚፈተልበት ፋብሪካ ውስጥ በጋው ሲጠና ክር ይበጠሳል። አየሩ ሲደርቅ ጥጡ ይሻክራል፣ ብናኙም ይቦናል፤ ማሽን ላይ ያሉት ሴቶች የተበጠሰ ሲቀጥሉ ይውላሉ፣ ካቦውም ሲጮህባቸው ይውላል። ከጣሪያው ሥር ጭጋግ የሚረጩ ቧንቧዎች ነበሩ፣ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ተደፍነው ነው የሚውሉት። ስለዚህ አባቴ ወለሉን በባልዲ ይረጫል፤ ጆንያ ውሃ ውስጥ ነክሮ በየመስኮቱ ይሰቅላል፤ ሲደርቅ አውርዶ እንደገና ይነክራል። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሥራው ይኸው ነበር።

እናቴ እዚያው ፈትል ክፍል ውስጥ ማሽን ላይ ነበረች። የተዋወቁትም ‹‹ኧረ እኔ ጋ ደርቋል!›› እያለች ስትጠራው ነው። አባቴ ሲያወራ፣ የእሷ ጆንያ ከሌሎቹ ቀድሞ ደርቆ አያውቅም፤ ቀድማ የምትጮኸው እሷ ነበረች ይላል። እሷ ደግሞ ‹‹ተይው ባክሽ፣ ጆንያ መስቀሉን ሰበብ አድርጎ ከእኔ ማሽን አይጠፋም ነበር›› ትለኝ ነበር። በልጅነቴ ምሳቸውን ይዤ ስሄድ ከጥር ንፋስና አቧራ ወጥቼ ወደ አዳራሹ ስገባ አየሩ ፊቴን ያርሰዋል። የእናቴ ፀጉር በጥጥ ብናኝ ነጭ ሆኖ፣ ገና በወጣትነቷ አሮጊት መስላ ትቀበለኛለች። ያን ጊዜ ያስቀኝ ነበር። ብናኙ ፀጉሯ ላይ ብቻ አለመቅረቱን ያወቅነው በጣም ዘግይተን ነው።

እንዲህ በአየር ወሬ አድጌ ሥራዬም እዚያው ወሰደኝ። እንጀራዬ፣ ድሮ በእጅ የተመዘገቡ የአየር ሁኔታ ልኬቶችን ኮምፒውተር ላይ ማስገባት ነው። እርጥበት የሚለካው በሁለት ቴርሞሜትር ነው። አንዱ እንዲሁ ይሰቀላል፤ የሌላው ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀለላል። አየሩ ደረቅ ሲሆን ጨርቁ ውሃውን ቶሎ ያጣና ያኛው ቴርሞሜትር ይቀዘቅዛል፤ የሁለቱ ልዩነት በሰፋ ቁጥር አየሩ ይበልጥ ደርቋል ማለት ነው። ይህን ለአባቴ ሳስረዳው ከልቡ ሳቀ።

‹‹ጆንያ ነዋ! እኔ ትልቁን ስሰቅል ኖርኩ፣ አንቺ በትንሿ ጨርቅ ዲግሪ ያዝሽባት።››

እውነቱን ለመናገር ‹‹ድሮ ቀረ›› የሚል ሰው አልወድም። ታክሲ ውስጥ አንዱ ‹‹ፀሐዩ እኮ የድሮው አይደለም›› ብሎ ሲጀምር አፌን ይበላኛል። ሰው የሚናፍቀው የወጣትነቱን አየር ነው፤ አንድ ደረቅ ዓመት ብቻውን ምንም አይናገርም፣ ረጅሙን ዘመን ማየት ያስፈልጋል ብዬ ከማላውቀው ሰው ጋር ሳይቀር ተከራክሬያለሁ። ችግሩ፣ ረጅሙን ዘመን ሳየው ያገኘሁት ያው የታክሲ ውስጥ ሰዎች ያሉትን መሆኑ ነው። በእጄ ባለፉት መዝገቦች ላይ ክረምቱ ያው እርጥብ ነው። የበጋው ከሰዓት በኋላ ግን ከዓመት ዓመት ወጣ ገባ እያለ፣ በጠቅላላው ሲታይ እየደረቀ ሄዷል። የሞቀ አየር ብዙ ውሃ ይፈልጋል፤ የሚያገኘው ካጣ ከአፈሩ፣ ከቅጠሉ፣ ከሰው ከንፈር ይወስዳል። ወደ ቂሊንጦ የሚወስደው ጥቁር መሬት በጥቅምት ጠዋት ጉም ለብሶ ከብቱ የማይታይበት ጊዜ ነበር። ወንዙ ዳር ያለው ሳር እግር እስከ ጉልበት ያርስ ነበር። አሁን እዚያ ሼድ፣ ኮንዶሚኒየምና የሠራተኛ ሰርቪስ የሚቆምበት ጠጠር ሜዳ ነው ያለው። ከለውጡ ስንቱ ከዓለም ሙቀት፣ ስንቱ ከእኛ ሲሚንቶ እንደመጣ ለይቼ መናገር አልችልም። ያየሁት ስህተት ሆኖ ቢገኝ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

እናቴ መሳል የጀመረችው ጡረታ ከወጣች በኋላ ነው። መጀመሪያ ጉንፋን አልነው፣ ቀጥሎ ብርድ አልነው። ሐኪም ዘንድ ስንወስዳት፣ ለዓመታት የተነፈሰችው የጥጥ ብናኝ ሳንባዋን እንደጎዳውና ሳንባዋም ወደ ቀድሞው እንደማይመለስ ነገሩን። ከአቧራ አርቋት፣ በጋ ይከብዳታል አሉን። አባቴ ከዚህ ሁሉ የሰማው ‹‹በጋ›› እና ‹‹አቧራ›› የሚሉትን ሁለት ቃላት ብቻ ይመስለኛል። ፋብሪካ ውስጥ አቧራ ሲነሳ ምን እንደሚደረግ ደግሞ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። በዚያው ቀን ከገበያ ጆንያ ገዝቶ፣ አጥቦ፣ እናቴ የምትተኛበት ክፍል መስኮት ላይ ሰቀለው።

‹‹ክረምት ላይ ካደረስናት ዳነች ማለት ነው›› አለኝ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ሌላ ሐሳብ አልነበረም። ክረምት ላይ ማድረስ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ በመጣ ቁጥር አባቴ በርሜሉንም ጀሪካኑንም ይሞላና ከበርሜሉ ማንም እንዳይነካ ይከለክላል። ልብስ ላጥብ ብዬ ባልዲ ሳነሳ ‹‹እሱ የእናትሽ ነው›› ይለኛል። እናቴ ከአልጋዋ ሆና ትቀልድበታለች። ‹‹አንተ ሰውዬ፣ ፋብሪካው መልሶ ቀጠረህ እንዴ? ደመወዙን ማን ይከፍልሃል?›› እሱም ጆንያውን እየጨመቀ ‹‹ካቦዋ እንደድሮው ትጮሃለች፣ ምን ይደረግ›› ይላታል። ስትስቅ ሳሉ ይመጣል፤ ሳሉ ሲመጣ ሁለታችንም ወደ ሌላ እናያለን።

ያ በጋ ክፉ ነበር። የበልጉ ዝናብ ይመጣል ሲባል ቀረ። ብርድ ልብሱ ሲነካ ይንጣጣል፣ በሩ ደርቆ ተሰነጣጠቀ፣ ከዋናው መንገድ የሚነሳው አቧራ ቅጠሉን ሁሉ ግራጫ አደረገው። አባቴ ማታ ማታ ከሥራ ስገባ ‹‹ዛሬስ እንዴት ዋለ?›› ይለኛል። ስለ እናቴ እንዳይመስላችሁ፤ ስለ አየሩ ነው። እኔም መሥሪያ ቤት ያየሁትን የዕለቱን ልኬት እነግረዋለሁ። ደርቋል ስለው አንድ ጆንያ ይጨምራል። በስተመጨረሻ መስኮቱ ላይ፣ በሩ ላይ፣ ከራስጌዋ በላይ ባለው ገመድ ላይ ጆንያ ነበር፤ ወለሉም አይደርቅም። ክፍሉ ውስጥ ስገባ ልክ የፋብሪካው አዳራሽ ሽታ ይቀበለኛል።

ሳሉ ግን ባሰ። ሐኪም ቤት ስንመለስ ያገኘናት ወጣት ሐኪም የእናቴን ደረት ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጠችና ስለ ክፍሉ ጠየቀችን። አባቴ በኩራት ነገራት። ግድግዳው ሻግቶ እንደሆነ ጠየቀችው። ከአልጋው ጀርባ ጥቁር ጥቁር ነገር መውጣቱን ያየሁት እኔ ነበርኩና እኔ መለስኩ።

‹‹አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጆንያዎቹን ያውርዷቸው። መስኮቱን ይክፈቱላት። ሻጋታው ለሳንባዋ ጥሩ አይደለም።››

‹‹አየሩ እኮ ደርቋል። ልጄን ጠይቂያት፣ ሥራዋ ነው።››

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። ‹‹ውጭው ደርቋል›› አልኩ።

‹‹ውጭው ደርቋል፤ ክፍሉ ግን ረጥቧል አባባ›› አለችው ቀስ ብላ።

ቤት እንደገባን አባቴ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ አወረደ፤ ግድግዳውን በበረኪና አጠበ፤ ከዚያ ወጥቶ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። በማግስቱም እዚያው ነበር። ምግብ አቀርብላታለሁ፣ መድኃኒቷን እሰጣታለሁ፤ እሱ ግን ባዶ እጁን እሷ ክፍል መግባት አልቻለም። በሩ ድረስ ይመጣና እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ይመለሳል። ያን ዕለት ማልቀስ የፈለግሁት ለእናቴ አልነበረም፣ ለእሱ ነበር።

እናቴ ጠራችኝ። ድምጿ አንሶ ነበር።

‹‹አንዱን ጆንያ በውጭ በኩል፣ መስኮቱ ላይ ይስቀልልኝ በይው። በውስጥ ነው እንጂ የተከለከለው፣ በውጭ አልተከለከለም።››

‹‹እማዬ፣ በውጭ በኩል ምን ይጠቅምሻል?››

‹‹ለእኔ ማን አለሽ? እሱ በመስኮት እንዲታየኝ ነው።››

ነገርኩት። የላከችኝ እሷ መሆኗን ሲሰማ ተነሥቶ በርሜሉን ከፈተ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ዞሮ ይመጣል፤ ጆንያውን ያረጥባል፤ ሲያወርደው፣ አቧራው እንዳይገባባት ቀን ቀን በምንዘጋው መስኮት መስታወት ፊቱ ይታያታል። እሷም በጣቷ መስታወቱን ትመታና ‹‹ደርቋል!›› ትለዋለች። ድምጿ እንደማይሰማው አውቃለሁ፤ ከንፈሯን አይቶ ግን ይመልስላታል። ውጭ የተሰቀለ ጆንያ ለማንም አየር እንደማይሆን ሁለቱም ያውቃሉ፤ እኔም አውቃለሁ። ስለ ልኬቱ ማውራትም በዚያው ተውኩ።

ክረምቱ ዘግይቶ ገባ፤ ሲገባ ግን ከነነጎድጓዱ ነው። በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድበው መነጋገር አልቻልንም። እናቴ ትራስ ተደግፋ ቀና አለች። አባቴ ዝናቡ ውስጥ ወጥቶ ጆንያውን ራሱ አወረደው፤ ጨምቆ፣ አጥፎ፣ ዕቃ ቤት አስገባው። በስብሶ ሲገባ እየሳቀ ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ ወደ ክፍሏ ገባና አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ‹‹አደረስኩሽ›› አላት። እሷም እጁን ያዘችው። የዚያን ሰሞን ሳሏ በእርግጥ ቀለል ብሎላት ነበር፤ ወይም እንደዚያ እንዲመስለን ታደርግ ነበር፣ ለይቼ አላውቅም።

ሐምሌ ውስጥ አረፈች። ሳምንቱን ሙሉ ፀሐይ አልወጣም ነበር፤ የታጠበ ልብስ አይደርቅም፣ ጨው ሳይቀር ዕቃው ውስጥ ውሃ አቁሮ ነበር። ለቅሶው ላይ ዝናቡ የእድሩን ድንኳን ሲመታ ዋለ፤ ለጭቃው ተብሎ መሬት ላይ የተበተነው ጭድ ራሱ ተለወሰ። ቀባሪው ‹‹ሰማዩም አለቀሰላት›› እያለ ያጽናናናል። አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ ዝናቡን ያዳምጥ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ፤ የሚያየኝ እንደ ልጁ ሳይሆን ነገሩን ያጠና ሰው እንደሚታይ ነበር።

‹‹ክረምት እኮ ገብቷል›› አለኝ።

‹‹ገብቷል አባዬ።››

‹‹በደንብ ነው የገባው?››

‹‹በደንብ ነው።››

‹‹ታዲያ ለምን ሞተችብኝ?››

ትከሻውን አቀፍኩት። ኮቱ እስከ ውስጡ ርሶ ነበር።