ኦዴሳና የወንድሟ እጆች

ኦዴሳ የምትሠራው ዓሣ ፋብሪካ ነው። ቢላዋዋን ይዛ ከሠራተኞቹ ሰልፍ ትቆማለች፣ የዓሣውን ቆዳ ትገፍፋለች፣ ቀና አትልም። አዲስ የተቀጠረች ሴት «ይቺ ሰው አታናግርም እንዴ?» ብላ ከጠየቀች፣ ከጎኗ ያለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የቴረል እህት እኮ ናት» ትላታለች። በእኛ ከተማ ይኼ በቂ መልስ ነው።

ቴረል ታናሽ ወንድሟ ነው፤ በእጅ በሚወረወረው የአሜሪካ ኳስ ጨዋታ ቀላቢ ነበር። እዚህ ሚሲሲፒ፣ ጥጥ እርሻው መሃል፣ ዓርብ አመሻሽ ላይ ሱቁም ጸጉር ቤቱም ተዘግቶ ሰው ሁሉ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ነው የሚገኘው። ቀላቢ ከመስመሩ ዳር ይቆማል፣ ኳሷ ስትነሳ ይፈተለካል፣ ከሩቅ ስትወረወርለት ዞሮ ከአየር ላይ ይለቅማታል። ታዲያ ሰው ቀላቢ ሲባል ሯጭ ብቻ ይመስለዋል። ሯጭማ ሞልቶ! ቴረልን የሚቀድሙ ልጆች ነበሩ። የሱ ነገር ሌላ ነው። ክንዱ ረጅም ከመሆኑ የተነሳ እጅጌ አይበቃውም፤ መዳፉ ሰፊ ነው። ሲሮጥ ጭንቅላቱ አይነቃነቅም፤ ጭንቅላቱ ስለማይነቃነቅ ዓይኑ አይናወጥም፣ ኳሷ ከነስፌቷ ትታየዋለች። ሲታጠፍ ፍጥነቱን አይቀንስም። ደግሞ እጁን የሚያነሳው መጨረሻ ላይ ነው። የሚከተለው ተከላካይ ፊቱን ቢያይ፣ ትከሻውን ቢያይ፣ ኳስ እየመጣች እንደሆነ በምን ይወቅ? ቴረል ስብከት እንደሚሰማ ሰው ረጋ ብሎ ይሮጣል። ከዚያ እጁ ብቅ ይልና ኳሷ እሱ ጋ ናት።

ይኼን ሁሉ ያስተማረው የትምህርት ቤቱ አሠልጣኝ፣ ኮች ፒክንስ ነው ይላሉ። ውሸት! ያስተማረችው ኦዴሳ ናት። አባታቸው ጥሏቸው ከሄደ ወዲህ እናታቸው ሚስ ሉቪኒያ ሰው ቤት ስታጸዳ ትውላለች፣ ኦዴሳ ወንድሟን ትጠብቃለች። ጓሮ ወስዳ ኳስ ትወረውርለታለች። ክንዷን ማየት ነበረባችሁ! ሴት ሆና ነው እንጂ እሷም ስሟ በተጠራ ነበር። ሆን ብላ አበላሽታ ትወረውራለች፤ ከራሱ በላይ፣ ከጉልበቱ በታች፣ ከጀርባው።

«ኧረ እኔን እያየሽ ወርውሪ!» ይላታል።

«አንተን እያየሁ ነው። ደህና ኳስማ ማንም ይቀልባል።»

ዓይኗን ብትጨፍን እንኳ እንዴት እንደቀለባት በድምፁ ታውቅ ነበር። በጣት የተያዘች ኳስ እምብዛም ድምፅ የላትም። ደረት ላይ ያረፈች ግን ዱብ ትላለች። በደረቱ የሚቀልብ ልጅ ወይ ኳሷን አላያትም፣ ወይ ፈርቷታል። ቴረል በልጅነቱ ትቶት ያደገ ነገር ነው።

የትምህርቱ መጨረሻ ዓመት ላይ አንድ ወሬ መጣ። ከትልቅ ኮሌጅ የተላከ ሰው ሊያየው ነው፤ ከወደደው ትምህርቱም ቀለቡም በነጻ። ሚስ ሉቪኒያ እጇ ዱቄት እንደሆነ ወጥ ቤቱ ውስጥ ጨፈረች። ኦዴሳም ጮኸች፣ ዘለለች፣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ ያልደረቀ ልብስ ላወርድ ነው ብላ ወደ ጓሮ ወጣችና ፊቷን አንሶላ ውስጥ ቀብራ አለቀሰች። ለራሷ ደስታ ነው አለች። ኮሌጁ ያለው አገር ጫፍ ነው፤ ከዚህ የሄደ ልጅ ደግሞ ከገና በቀር አይመጣም።

ሰውዬው ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው ቴረል ተመታ። መሃል ሜዳ ላይ ሊቀልብ ዘሎ፣ ገና አየር ላይ እያለ፣ አንድ ግንድ የሚያህል ልጅ ከጎን መጣበት። ጭንቅላቱ ከመሬት ተላተመ። ኳሷን ግን አልለቀቃትም፤ ሕዝቡ አበደ።

እዚህ ላይ ስለ ኮች ፒክንስ ልንገራችሁ። ልጅ ሲወድቅ ሮጦ ይደርሳል፣ ሁለት ጣቱን ያሳያል፣ «ስንት ነው?» ይላል። ሁሌ ሁለት! ሦስት አሳይቶ አያውቅም። ከተማው በሙሉ ያውቃል። ሙሽራ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንቅፋት ሲመታው «ስንት ነው?» እንለዋለን፣ «ሁለት!» ይላል፣ እንስቃለን። በዚህ ጨዋታ ስንቱ ልጅ ራሱ ዞሮበት ተመልሶ ሜዳ እንደገባ ማንም አስቦ አያውቅም። ጉዳችን እኮ አያልቅም!

«ስንት ነው፣ ልጄ?» አለ ኮች።

«ሁለት» አለ ቴረል፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። ተነስቶም ጨዋታውን ጨረሰ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኦዴሳ ጓሮ ወረወረችለት። ዱብ።

«ምንድነው ይኼ?»

«ምኑ?»

«በደረትህ ያዝካት።»

«ደክሞኛል ባክሽ።»

ደገመች። ዱብ። ሌላ ስትወረውር ኳሷ በጆሮ ግንዱ አለፈች፤ እጁ የተነሳው ካለፈች በኋላ ነው።

«ና ወዲህ። ራስህን ያምሃል?»

«ምንም አላለኝም።»

ሦስት ጣቷን አነሳች። «ስንት ነው?»

«ሁለት!» ብሎ ሳቀ።

«ቴረል፣ አትቀልድብኝ።»

«ምን ልበልሽ ታዲያ? ሁሉም ሰው ሁለት ነው የሚለው። ኮች ሆንሽ እንዴ ዛሬ?»

«እንደገና እይ።»

«ተይኝ አልኩሽ!» ፊቱ ተለዋወጠ። ቀስ ብሎ ቀጠለ፦ «ኦዴ፣ ዓርብ ሰውዬው ይመጣል። ዓርብ ይለፍልኝና ከፈለግሽ ሐኪም ቤት አስተኚኝ። እስከዚያ ለማንም እንዳትናገሪ። እሺ በይኝ።»

እሺ አላለችም። ቀልዱ ይሁን፣ ዓይኑ ይሁን፣ መለየት አቃታት።

ሰኞ ከሥራ ቀርታ ኮች ፒክንስ ጋ ሄደች።

«ሁለት ብሎኛል እኮ፣ ልጄ» አላት።

«ኮች፣ ሁሌ ሁለት ነው የምታሳያቸው።»

ኮች ኮፍያውን አውልቆ ተቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ያን ዕለት ድንገት ያረጀ መሰለ። ቴረልን ራሱ ሐኪም ዘንድ ወሰደው። ሐኪሙ መብራት አብርቶ ዓይኑን አየ፣ በመስመር ላይ አስኬደው፣ ተከዘ። «ታሟል ብዬ መማል አልችልም» አለ፤ «ደህና ነው ብዬም አልፈርምም። በዚህ ዓመት አይጫወት።»

ዓርብ ቴረል የሰንበት ልብሱን ለብሶ ሜዳው ዳር ወንበር ላይ አመሸ። ሰውዬው መጣ፣ ሌላ ልጅ አይቶ ሄደ። ሌላ ኮሌጅም አልጠየቀውም፤ ጭንቅላቱ የተነካ ልጅ ማን ይወስዳል?

ለኮች የነገረችው እሷ መሆኗ ተወራና ከተማው በኦዴሳ ላይ ተነሳ። ሱቅ ስትገባ ወሬ ይቆማል። አንዷማ ዳቦ እየመረጠች «ዶክተር ኦዴሳ፣ ጉልበቴን ያመኛል፤ እስቲ እይኝ» አለቻት፣ ሴቶቹ ሳቁ። ሚስ ሉቪኒያ እንኳ «እኔ እናቱ እያለሁ!» ብላ ስታለቅስ ሰነበተች። ቴረል ግን አልጮኸም፣ አልሰደባትም፤ ማናገሩን ተወ። ትምህርቱን እንደጨረሰ ሜምፊስ ሄዶ መጋዘን ውስጥ ጭነት አውራጅ ሆነ። ለብዙ ዓመታት እንዲህ ሆነ፤ ለገና ይመጣል፣ እናቱን ያስቃል፣ ኦዴሳ ስትገባ ተነስቶ ይወጣል።

እኔ በዚህ ነገር ከስንቱ ጋር ተጣልቻለሁ! «ልጁ ቢሞትስ ኖሮ?» እላቸዋለሁ። «አልሞተም እኮ» ይሉኛል። ክፋቱ ይኼው ነው። የቀረበትን ሁሉም ያየዋል፤ ከምን እንደዳነ ግን፣ ድኖም ከሆነ፣ ማን ያሳየን?

ባለፈው መኸር ሚስ ሉቪኒያ አረፈች። ከቀብሩ በኋላ ሰው ለምሳ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሲገባ ኦዴሳ መቃብሩ ዘንድ ቀረች። ቴረል ከአዳራሹ ወጥቶ ወደሷ መጣ። ሆዱ ገፍቷል፣ ጺሙ ሸብቷል፤ ክንዱ ብቻ ያው ነው፣ ከኮቱ አልፎ ወጥቷል።

«ኦዴ።»

ስሟን ከአፉ ስትሰማ ወደሱ ዞረች። «አቤት፣ ወንድሜ።»

«ልጣላሽ አይደለም የመጣሁት።»

«ብትጣላኝም ግድ የለም። ብቻ አናግረኝ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የምትዪኝን አምናለሁ፣ ሁለተኛም አላነሳውም። እማማም የለችም፣ እኔና አንቺ ብቻ ነን የቀረነው። ያኔ... የእውነት የታመምኩ መስሎሽ ነው? ወይስ እንዳልሄድብሽ ብለሽ ነው?»

«ታምመህ ነበር» ልትለው አፏን ከፈተች። ዓሣ ስትገፍፍ በኖረችበት ዘመን ሁሉ ለራሷ ስትለው የኖረችው ቃል ነው፤ ከንፈሯ ላይ ደርሷል። ግን ዓይን ዓይኗን እያያት ነው፤ ይኼን ልጅ ደግሞ ዋሽታው አታውቅም። ወደ ውስጧ ገብታ ፈለገች። ፍርሃቱን አገኘችው። ስለማን እንደፈራች ግን አላገኘችውም።

«አላውቅም፣ ቴረል» አለች።

«አታውቂም?»

«ፈራሁ። ስላንተ ይሁን ስለራሴ... እግዜር ያውቃል፣ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም።»

ቴረል ለመታረቅ ነበር የመጣው፤ አንዲት ቃል ብቻ ነበር የጠበቀው፤ ሊያምናት ቆርጦ።

«ብትዋሺኝስ ምናለበት?» አላት እያለቀሰ። «ምናለበት፣ ኦዴ?»

ባርኔጣውን አድርጎ ወደ መኪናው ሄደ። ስትጠራው አልዞረም። ዘንድሮ ለገና አልመጣም፤ የሚመጣላትም እናት የለችውም።