ላንቴ ዝም ያለችበት ረፋድ

ሙዝ አብቃይ በሆነችው መንደር በላንቴ ልጅ ሲጠፋ ሰው ሁሉ ይጮሃል። የሙዝ ማሳ ከአምስት እርምጃ በላይ አያሳይምና ስሙን እየጠሩ መሮጥ ነው ደንቡ። ለብዙ ልጅ ይሠራል። ለአይዳ ግን አይሠራም፤ ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው የአሥራ አምስት ዓመቷ እህቷ ፌቨን ነች።

ስምንት ዓመት የሞላት አይዳ ኦቲዝም አለባት። አትናገርም፤ ጩኸት ያማታል። ፌቨን ለዓመታት አንድ በአንድ አስተውላለች፦ ድንገት ከነኳት ትሮጣለች፤ ደረቅ የሙዝ ቅጠል ስትተለትል ግን አጠገቧ ተቀምጠው አብረው ከተለተሉ ራሷ ትጠጋለች። ይህን ያወቀች ቀን ፌቨን በደስታ ዘልላለች!

ያን ቅዳሜ ረፋድ እናታቸው እጅጋየሁ ሙዝ በጭነት መኪና ስታስጭን አይዳ ጠፋች። ጎረቤት ሁሉ "አይዳ! አይዳ!" እያለ ማሳውን ሞላው። የመስኖው ቦይ ሰባት ቅርንጫፍ አለው፤ ደረቅ ሲሆን አይዳ ከአንዱ ገብታ መቀመጥ ትወዳለች። ፌቨን ቦዩን እንዳይከፍቱ ልትነግራቸው ውሃውን በተራ ለሚያከፋፍሉት ለጋሽ ላቀው ደወለች።

"ከፈትኩት እኮ ልጄ! አሁን ብዘጋውም የወጣው መድረሱ አይቀርም።"

ፌቨን ስልኩን ዘግታ ወደሚጣሩት ዞረች። "ዝም በሉ!" ብላ ጮኸች።

"እኛን ነው?" አሉ ሽማግሌው ጋሽ ዳምጤ። "ሰው በዝምታ ይፈለጋል? ድኩላ ነው እንዴ የምናድነው?"

"እባክዎ ጋሼ፣ ስንጣራ ትሸሻለች!"

"ፌቨን ታውቃታለች" አለች እጅጋየሁ።

ዝም አሉ። የጭነት መኪናው ሾፌርም ሞተሩን አጠፋ። ፌቨን አዳመጠች፦ መጀመሪያ ነፋሱን፣ ቀጥሎ የራሷን ልብ፣ ከዚያ ቀጭን ድምፅ፤ ቅጠል ሲቀደድ። ድምፁን ተከትላ ሄደች።

አይዳ አራተኛው ቦይ ውስጥ ቁጭ ብላለች። ዘልላ ብትይዛት ወደ ውሃው አቅጣጫ ልትሮጥ ትችላለች። ፌቨን ከዳር ተቀመጠችና ደረቅ ቅጠል ቀደደች። ከቦዩ ላይኛው በኩል የሚመጣው ውሃ ድምፅ ተሰማ። ሌላ ቀደደች። አይዳ ቀና አለች። ፌቨን አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ሸሸች፤ መሮጥ እያማራት፣ ሳትሮጥ። አይዳ በጉልበቷ፣ በእጇ፣ ቀስ ብላ ወጣችና ቅጠሉን ከፌቨን እጅ ወሰደች።

ውሃው ገለባና አረፋ እየገፋ መጥቶ አይዳ ተቀምጣበት የነበረውን ቦታ ዋጠው። ፌቨን ጥልቀቱን ከእህቷ ቁመት ጋር በዓይኗ ለካች። ከደረቷ በላይ ነው። ከዚያ ከአይዳ አጠገብ እንደተቀመጠች ሌላ ደረቅ ቅጠል አንስታ መተልተል ጀመረች።