ሁለቱ አጎቶቼና የዝናብ መጥረጊያው

መካኒክ ስለ መኪናዬ ሲያስረዳ የሚያየው ባሌን ነው። ባሌ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ደመና እንዴት እንደሚቋጠር፣ ነፋሱ ከየት ተነሥቶ ዝናቡን የት እንደሚጥል ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ሰሌዳ ላይ ሲሥል ይውላል። መንጃ ፈቃድ ግን የለውም፤ ኮፈን በየት በኩል እንደሚከፈትም አያውቅም። ፒክአፑ የኔ ነው። የአቮካዶ ችግኝ አፈላለሁ፣ አዳቅላለሁ፣ ከሶዶ እስከ ጉኑኖ ለገበሬው የማደርሰውም በዚሁ መኪና ነው። አሮጌ ነው፤ ባለ ሁለት ረድፍ ጋቢና፣ ሥራውን ጨርሶ ከተዘጋ አንድ ፕሮጀክት የገዛሁት። በሩ ላይ የፕሮጀክቱ ምልክት የተፋቀበት ቦታ እስካሁን ይታያል።

ያን ክረምት ከጉኑኖ ስመለስ የዝናብ መጥረጊያው ቆመ። ማብሪያውን ስጫን ከመስታወቱ ሥር ሞተሩ ሲያጉረመርም ይሰማኛል፤ መጥረጊያዎቹ ግን ንቅንቅ አይሉም። በማግስቱ ሶዶ ውስጥ ትልቅ ማስታወቂያ የለጠፈ ጋራዥ ወሰድኩት። ባሌ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ አብሮኝ መጣ። ባይመጣ ይሻል ነበር።

መካኒኩ ኮፈኑን ከፈተ፣ ወደ ውስጥ አየ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገና ለባሌ፣ "ሞተሩ ተቃጥሏል" አለው።

"ሲሠራ ይሰማል እኮ" አልኩ። "የተቃጠለ ነገር ይጮኻል?"

"የሚጮኸው ስለተቃጠለ ነው" አለ፣ አሁንም ለባሌ። "ሲስተሙ እንደዚያ ነው።"

ባሌ ራሱን ነቀነቀ። ሲስተም የሚባል ቃል ከሰማ ራሱን መነቅነቅ ልማዱ ነው። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ አርባ ዓመት ያለፈኝ ሴት፣ በቀጭን ምላጭ ቅርንጫፍ ሰንጥቄ ሌላ ቅርንጫፍ የማበቅል ሰው፣ አንድ ሰውዬ ሲስተም ስላለ ብቻ አፌን ዘጋሁ። ከሌላ መኪና የተፈታ ሞተር ገጠመልን። መጥረጊያው እየተንጫጫ ሠራ። መካኒኩ ባሌን ጨበጠው።

በዚያው ሳምንት አክስቴ ሆስፒታል ገባች። እናቴ ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሁለቱን ታናናሽ ወንድሞቿንም፣ አጎቶቼን ማለት ነው፣ አዝላ ያሳደገችው እሷው ናት። ሆዷ ውስጥ እጢ ተገኝቶ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ቀን ተቆረጠ። ዋዜማው ላይ አልጋዋ አጠገብ ጠራችኝና፣ "ሁለቱን ሳላይ ቢላዋ አይነካኝም" አለች። "አንድ ላይ ነው የማያቸው። ተራ በተራ አይደለም።"

አጎቶቼ ከዲምቱ ወጣ ብሎ ጎን ለጎን ነው የሚኖሩት። ሰባት ዓመት አልተነጋገሩም። ምክንያቱ በድንበራቸው ላይ የተተከሉ ባሕር ዛፎች ናቸው። ትልቁ ተከሉ፤ ትንሹ ሥሩ በቆሎዬን አደረቀው አሉ፤ ሽማግሌ ገባ፣ ሽማግሌው ራሱ ተጣላ። ትልቁ አጎቴ ድሮ የቀበሌ ሊቀ መንበር ነበሩ፤ አሁን በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው። ከሁለቱም ሥልጣን አንድ ነገር ብቻ ተምረዋል፦ የያዙትን አለመልቀቅ። ትንሹ ሸማኔ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ከጥበባቸው በቀር በዓለም ላይ ሌላ ሥራ ያለ አይመስላቸውም።

ደውዬላቸው የዚያኑ ዕለት ከቀትር በኋላ እነሱ ዘንድ ደረስኩ። ትልቁ አጎቴ ካፖርታቸውን ለብሰው በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር፤ ሳልጋብዛቸው ከፊት ተቀመጡ። ትንሹ ደግሞ ወንድማቸውን ጋቢና ውስጥ ሲያዩ ወደ ኋላ ዞረው የችግኝ መጫኛው ላይ ሊወጡ እግራቸውን አነሡ።

"ይግቡ!" አልኳቸው። "እርስዎ ችግኝ አይደሉም።"

ገቡ። ከወንድማቸው በጣም የሚርቀውን ጥግ መረጡ፣ ከእኔ ጀርባ ያለውን። ገና መንቀሳቀስ ስንጀምር ትልቁ፣ "ያ ሰው መስኮቱን ይዝጋ በይው" አሉኝ። ትንሹ፣ "አየር የሚፈልግ ሰውም አለ በያቸው" አሉ። ሁለቱም ከእኔ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጠው እኔን ፖስተኛ አደረጉኝ።

ዲምቱን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ዝናቡ ወረደ። መጥረጊያው ሦስት አራት ጊዜ ጠረገና መሃል መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ሞተሩ ያጉረመርማል። አዲሱ ሞተር! መስታወቱ ላይ ውሃ ብቻ ሆነ፤ መንገዱም ጠፋ፣ ዛፉም ጠፋ። በጎን መስኮት አንገቴን አውጥቼ እንደ ምንም ጥግ ያዝኩና ቆምኩ። ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ አክስቴ ካላየቻቸው እንቢ ትላለች፤ እንቢ ካለች ደግሞ ማንም አያሸንፋትም።

ትልቁ አጎቴ ዓይናቸውን ጨፍነው መጸለይ ጀመሩ። የእሳቸው ጸሎት ሪፖርት ነው፤ የዓመቱን ዝናብ፣ የመንገዱን ሁኔታ፣ የእኔን አነዳድ ጭምር ለጌታ አንድ በአንድ አስረዱ። እኔ ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ መሪው ላይ ተደፋሁ። ትንሹ አጎቴ በሩን ከፍተው ዝናቡ ውስጥ ወጡ። ጥለውን ሊሄዱ መስሎኝ ነበር። የችግኝ ሣጥን የማስርበትን ሲባጎ ከኋላ አንሥተው መጡና ለሁለት ቆርጠው አንዱን በእኔ በኩል ባለው መጥረጊያ፣ ሌላውን በወዲያኛው መጥረጊያ ላይ አሰሩ። የግራውን ሲባጎ በራሳቸው መስኮት፣ የቀኙን በትልቁ አጎቴ መስኮት አስገቡ። ከዚያ ገብተው ተቀመጡና የራሳቸውን ሳቡት። ሁለቱም መጥረጊያዎች ወደ ግራ ሄዱ።

"እንግዲህ እኔ ስስብ ያ ሰው ይልቀቁ፤ እሳቸው ሲስቡ እኔ እለቃለሁ። ንገሪያቸው።"

"ሰምተዋል" አልኩ።

"አልሰማሁም" አሉ ትልቁ።

ነገርኳቸው። ሲባጎውን ያዙ። ተነሣን። መጀመሪያ ላይ ጉድ ነበር፤ ትልቁ ይስባሉ፣ አይለቁም። ትንሹም በወዲያ በኩል ይጎትታሉ፤ መጥረጊያው መሃል ላይ ተወጥሮ ይቀራል፤ እኔ በሁለት ግትር ሽማግሌዎች መካከል ዓይኔ ታውሮ እነዳለሁ። አንዴ ከፊታችን የጭነት መኪና ክላክሱን እየነፋ መጣ። መብራቱ ብቻ ነው የታየኝ።

"ልቀቅ!" ብለው ጮኹ ትንሹ አጎቴ።

በወላይትኛ ነበር፣ አንቱታም አልነበረበትም። ሰባት ዓመት ሙሉ ለታላቅ ወንድማቸው ትንፍሽ ያላሉ ሰው የመጀመሪያ ቃላቸው ይህ ሆነ። ትልቁ ደንግጠው ለቀቁ። መስታወቱ ጠራ፤ መሪውን ወደ ቀኝ አጠፍኩ፤ የጭነት መኪናው በክንድ ርቀት አለፈን። ትልቁ ሲባጎውን እንደገና ይዘው ቀስ ብለው፣ "አሁን አንተ ልቀቅ" አሉ።

ከዚያ በኋላ "ሳብ"፣ "ልቀቅ"፣ "ሳብ"፣ "ልቀቅ" ብቻ ሆነ። ሌላ ቃል የለም። ትንሹ እጃቸው የለመደ ነው፣ እንደ ሽመና እቃቸው ያለ ድካም ያመላልሳሉ፤ ትልቁ ሁልጊዜ ግማሽ ትንፋሽ ይዘገያሉ። ዳገቱ ላይ ትንሹ አጎቴ ከጀርባዬ ጎንበስ አሉና፣ "ሞተሩ ይዞት ቢሆን ኖሮ መጥረጊያው ለእጄ እንዲህ አይላላልኝም ነበር" አሉኝ። "ሞተሩ አልሞተም። ከሆነ ቦታ ወልቋል። መካኒክሽ ዓይን የለውም?"

"ሲስተም ነው ብሏል" አልኩ።

"እሱ ማነው ሲስተም?" አሉ።

ሶዶ ስንገባ ዝናቡ አላባራም ነበር። ባጃጅ ነጂዎች ተሳለቁብን፤ በየሱቁ በረንዳ የተጠለለው ሰው ጣቱን ቀሰረ። አፈርኩ። የሆስፒታሉ ዘበኛ በሩን ከመክፈቱ በፊት ሲባጎውን ከዳር እስከ ዳር አየና፣ "እናንተ፣ መኪናውን ነው ያሰራችሁት ወይስ ሽማግሌውን?" አለ። ለመሳቅ አቅሙ አልነበረኝም።

አክስቴ አልጋዋ ላይ ሆና አየቻቸው። ሁለቱም በተከፈተ መስኮት በኩል ሲስቡ ስለመጡ ትልቁ በቀኝ ጎናቸው፣ ትንሹ በግራ ጎናቸው ብቻ ከትከሻ እስከ ጉልበት በስብሰዋል። ግማሽ ግማሽ እርጥብ ሽማግሌ። የሆነውን ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ነርሷ መጥታ ተቆጣች።

"ታረቃችሁ ማለት ነው?" አለች፣ እንባዋን እየጠረገች።

"አልታረቅንም" አሉ ሁለቱም፣ እኩል። በዚህ ብቻ ተስማሙ።

"እንደ አህያ ግትር ናችሁ" አለች። "በቃ፣ አይቻችኋለሁ። አሁን ይቅደዱኝ።"

በማግስቱ ጠዋት ቀደዷት፤ በደህና ወጣች። ዶክተሩ ደውሎ ያንን እስኪነግረን ድረስ እኔ ቁጭ ማለት አልሆነልኝም፤ ቤቴ ግቢ ውስጥ ቆሜ ጭንቀቴን በመኪናው ላይ ተወጣሁት። ትንሹ አጎቴ እኔ ዘንድ ነበር ያደሩት፤ ትልቁ ከዚያ ሰው ጋር በአንድ ጣራ አላድርም ብለው ዘመድ ቤት ሄደዋል። የመጥረጊያዎቹን ብሎኖች ፈታሁ፤ ከመስታወቱ ሥር ያለውን ጥቁር ፕላስቲክ አነሣሁ። ለማየት ሌላ ጥበብ አላስፈለገም። የሞተሩን ጉልበት ለመጥረጊያዎቹ የሚያደርሰው ዘንግ በሞተሩ ክንድ ጫፍ ካለችው ትንሽ የብረት ኳስ ላይ ወልቆ ተጋድሟል። ኳሱን አቅፎ ይይዝ የነበረው ቁራጭ ፕላስቲክ አርጅቶ ተፈርፍሯል። መካኒኩ ሞተሩን ሲቀይር ይህን ዘንግ በእጁ አውልቆ በእጁ መልሷል። ፍርፋሪው ጣቱ ላይ ሳይጣበቅ አልቀረም።

ደረጃው ላይ የተቀመጡት አጎቴ አንገታቸውን አስግገው አዩ። "በሽመና እቃ ላይ እንዲህ ቢወልቅ ሚስቴ ታስገባዋለች" አሉ።

"ታዲያ ይጥሯታ" አልኩ፤ ተናድጄ ነበር። ከአሮጌ ብስክሌት የውስጥ ጎማ ላይ ወፍራሙን ቆርጬ ኳሱን አለበስኩት፤ ዘንጉን በላዩ ላይ በመዶሻ እጀታ አስገባሁት፤ ከላይ በሽቦ ጠምዝዤ ችግኝ ሳዳቅል እንደማስረው አጥብቄ አሰርኩት። ማብሪያውን ስጫን መጥረጊያዎቹ ወዲያና ወዲህ ሄዱ። ባሌ ሊያጨበጭብ እጁን አነሣ፤ አየሁት፤ አወረደው።

ከሁለት ቀን በኋላ ጋራዡ ሄድኩ፤ ብቻዬን። የፈታውን የድሮውን ሞተሬን እንዲመልስልኝ ጠየቅኩት። የሚያየው ሌላ ሰው ስላልነበረ እኔን ለማየት ተገደደ።

"እሱማ ለሌላ ደንበኛ ገጠምኩት" አለ፣ ሳያስብ።

"የተቃጠለውን?"

ከንፈሩ ሲስተም የሚለውን ቃል ሲፈልግ አየሁ፤ አልመጣለትም። በጋራዡ ውስጥ የነበሩት ሹፌሮች ሥራ እንዳላቸው ሁሉ ወደየመኪናቸው ዞሩ፤ አንዱ ግን ጀርባው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ትክክለኛውን ፕላስቲክ ፈልጎ አመጣልኝ። ከእጁ ተቀብዬ እዚያው ፊቱ ቆሜ ራሴ ገጠምኩት።

ታሪኩ ግን እኔን ቀድሞ ከተማውን አዳረሰ። አንድ እሁድ የቤተ ክርስቲያናችን ሰባኪ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ጌታ ሁለት ጠበኛ ወንድማማቾችን በአንድ ገመድ እንዳሰረ፣ በማዕበል ውስጥ እየተቃቀፉና እያለቀሱ ሶዶ እንደገቡ ሰበከ። ሕዝቡ ሃሌሉያ አለ። ትልቁ አጎቴ ለእንግድነት መጥተው ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ ራሳቸውን በትሕትና ደፍተው ምስጋናውን ተቀበሉ። ከጎናቸው ላሉት የገመዱ ሐሳብ በጸሎት የመጣላቸው እንደሆነ ሲያንሾካሹኩ በጆሮዬ ሰማሁ። ተነሥቼ እውነቱን ብናገር ማን ይወደዋል? ሰው የተዋበውን ይወዳል።

አክስቴ ድና ከሆስፒታል የወጣች ዕለት ቤቷ ምስጋና ነበር። ሁለቱም መጡ፤ አንዱ በር አጠገብ፣ ሌላው በጓዳው በኩል ተቀመጡ። ባሕር ዛፉም አልተቆረጠም፣ ሽማግሌም አልተላከ። ሲመሽ ወደ ዲምቱ ላድርሳችሁ አልኳቸው።

"ያ ሰው ከገባ አልገባም" አሉ ትልቁ።

"እሱ ከገባ እኔም" አሉ ትንሹ።

ሁለት ባጃጅ ጠርቼ በየፊናቸው ወደ መናኸሪያ ሸኘኋቸው።