የክሬን ነጂው አንጀት

ከሥር ያሉት ግንበኞች የክሬን ነጂውን «ንስሩ» ይሉታል። ምን ዓይነት ንስር እንደሆነ እንጃ! ከመሬት ስልሳ ሜትር ላይ፣ ቁም ሣጥን በምታክል የመስታወት ክፍል ውስጥ ጠዋት ተዘግቶበት ማታ የሚወጣ ንስር። ሽንት ቤት ደርሶ ለመመለስ መሰላሉ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ፎርማኑ ደግሞ በቀን አንዴ፣ ያውም በምሳ ሰዓት ነው የሚፈቅደው። ኮንክሪት አይጠብቅማ! የሰው አንጀት ይጠብቃል እንጂ።

የንስሩ አንጀት ግን አልጠብቅም አለ። ዓመት ሙሉ ቆስሎ፣ ደም እየቀላቀለ፣ በቀን ስምንቴ «ውረድ» ይለው ነበር። ለማንም አልተነፈሰም። «ታመመ» ከተባለ ከክሬኑ ያወርዱታል፤ ሌላ ሙያ ደግሞ የለው። ስለዚህ ብልሃት ፈጠረ፦ ነጭ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ብቻ። ቅጠላ ቅጠል የለ፣ ጥራጥሬ የለ። ከባዶ ሆድ ምን ይወጣል ብሎ ነው፤ የሊቅ ሐሳብ!

ሚስቱ ሱሪው እየሰፋው መሄዱን አይታ እየጎተተች ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ነገር አታድበሰብስም።

«አንጀትዎ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ቅጠሉንና ጥራጥሬውን አብላልተው የሚያወጡት ነገር ለአንጀትዎ ግድግዳ ማገዶ ነው» አለችው። «የበሽታ መከላከያ ሴሎችዎም እሱን ሲያገኙ ረጋ ብለው ይሠራሉ። ሲያጡት ስኳር ወደ ማንደድ ያዘነብላሉ፤ ያኔ ይቆጡና የገዛ ቤታቸውን ይደበድባሉ።»

«እኔ እኮ እንዲያርፉልኝ ብዬ ነው ያስራብኳቸው!»

«ዘበኛ አስርበው ነው ሰላም የሚጠብቁት?»

ሚስቱ ሳቋ አመለጣት። «ዶክተር፣ ቤትም እንዲሁ ነው። ቧንቧ ካፈሰሰ በሩን ዘግቶ ይወጣል።»

«ያዘዝኩልዎትን መድኃኒት በየቀኑ ይውሰዱ» አለች ሐኪሟ፤ « ቅጠሉንና ጥራጥሬውንም፣ በደንብ የበሰለውን አስቀድመው፣ ቀስ በቀስ ይጀምሩ። ሽንት ቤት ሲያሰኝዎት ደግሞ አይያዙት።»

ጉድ ፈላ! መብላት መውረድ ነው፤ መውረድ ደግሞ መናገር።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ አንድ እስር ብረት አውርዶ እንደጨረሰ ሆዱን ቆረጠው። ሠራተኛው ሁሉ የሚሰማውን የመገናኛ ሬዲዮ ከፈተ።

«ፎርማን፣ ልወርድ ነው።»

«ምን ነክቶህ? ኮንክሪቱ መጥቷል እኮ!»

«አንጀቴን ታምሜአለሁ። ዓመት ሆነኝ። ከእንግዲህ በቀን ሦስት አራቴ እወርዳለሁ።»

ከግንበኞቹ አንዱ በሬዲዮው «ንስሩ፣ ብቻ ከላይ እንዳትለቅብን!» ሲል የሁሉም ሳቅ ጆሮውን ሞላው።

ፎርማኑ አልሳቀም። «ውረድ» አለው። «ስትወርድ ግን የክሬኑን ቁልፍ ይዘህልኝ ና።»

ንስሩ ቁልፉን ነቀለ፤ ቁልፉን ማስረከብ ክሬኑን ማስረከብ እንደሆነ አላጣውም። እዚያው እንዳይቀር ሆዱ፣ እንዳይወርድ ፎርማኑ። በሩን ከፍቶ የመጀመሪያውን ደረጃ ሲረግጥ ሆዱን እንደገና ቆረጠው፤ ሆዱም ፎርማን ሆኖ «ፍጠን!» አለው።